የመሪጌታ መድኃኒት

ይህ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በፍልሰታ ጾም መካከል ነው። የማልረሳው ከሞት ስለተረፍሁ ብቻ አይደለም። ከዳንሁ በኋላ ለአገሩ ሁሉ በሙሉ አፌ ስናገረው የከረምሁት ነገር፣ አንድ ቀን ሰው በተሰበሰበበት አዳራሽ ተገልብጦ ጠበቀኝ። ያን ቀን የነበሩ ሰዎች ዛሬም ሲያገኙኝ ይስቁብኛል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ነገሩ ግን ከሳቅ የሚያልፍ ስለሆነ ልጻፈው አልሁ።

እኔ ከአምበር ከተማ ወረድ ብሎ ባለ አንድ ደብር የቅኔ መምህር ነኝ። ሰው መሪጌታ ይለኛል። ማኅሌት ቆሞ ማደር ወገብ ይበላል፤ እኔንም ወገቤን ካመመኝ ቆይቷል። የሚያስታግስልኝ ከመድኃኒት ቤት የምገዛው ክኒን ነበር። ከቅዳሴ እንደወጣሁ፣ ገና እህል ሳልቀምስ፣ በባዶ ሆዴ እውጠው ነበር። ወገቡ ለቀቅ ሲልለት ማን ሆዱን ያስባል?

በዚያ ጾም ሰገራዬ እንደ ሬንጅ ጠቆረ። ለሰው የሚወራ ነገር አይደለምና ዝም አልሁ። የተልባው ነው፣ የሱፉ ነው እያልሁ አለፍሁት። ዳገት ስወጣ ልቤ ይመታል፤ ተማሪ ቅኔ ሲነግረኝ መሐል ላይ ሐሳቤ ይጠፋብኛል። ይህንንም ጾሙ ነው አልሁ።

አንድ ቀን ከቅዳሴ ተመልሼ ቤት ስገባ ዓይኔ ጨለመብኝ። መቃኑን ተደግፌ ቆምሁ። ባለቤቴ የሺ ምን ሆንህ ብላ ሳትጨርስ አስመለሰኝ። መጀመሪያ የወጣው የቡና አተላ ይመስል ነበር፤ ቀጥሎ ግን ደሙ ራሱ መጣ። የሺ አልጮኸችም። እርሷ ነገር ሲከፋ ድምፅዋ ዝቅ ይላል። ነጠላዋን አጣጥፋ ከራሴ ሥር አደረገችና ወንድሜን አንለይን አስጠራችው።

አንለይ ታናሼ ነው፤ ገበሬ ነው፤ ንግግሩ አጭር ነው። ከጎረቤት ሰዎች ጋር ሆኖ፣ በዚያ የነሐሴ ጭቃ፣ በቃሬዛ አስፋልቱ ድረስ አወጣኝ። አምበር ጤና ጣቢያ ግሉኮስ ተከሉልኝና በአምቡላንስ ወደ ደብረ ማርቆስ ላኩኝ። ከመንገዱ የማስታውሰው የሺ እጄን ይዛ ውዳሴ ማርያም ስትደግም ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ጉም ነው።

ሆስፒታሉ ውስጥ የተቀበለችን ዶክተር ሰናይት የምትባል ወጣት ሐኪም ናት። ሆዴን ዳሰሰች፣ የደም ግፊቴን ለካች፣ ደም በቶሎ እንደሚያስፈልገኝ ተናገረች። አንለይ ክንዱን ዘረጋ፤ ሲመረመር ግን የእርሱ ዓይነት ለእኔ የማይሆን ሆነ። ከደም ባንክ የማላውቀው ሰው ደም መጣልኝ። ጠብ ጠብ እያለ ሲገባ፣ ከሥሬ ርቆ የነበረው መሬት ተመልሶ የመጣ መሰለኝ።

ነፍሴ መለስ ስትል ሐኪሟ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ሐኪም ከተቀመጠ ክፉ ሊያወራ ነው ብዬ ራሴን አዘጋጀሁ።

«መሪጌታ፣ ሕክምናዎ ተጀምሯል፤ ይቀጥላልም» አለችኝ። «አሁን የምጠይቅዎት ሌላ ነገር ነው። እምቢ ቢሉኝ ከሕክምናዎ ምንም አይቀነስም።»

ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። እናት ስትወልድ ደም ሲፈሳት የሚሰጥ አንድ መድኃኒት አለ። ለወላዶች እንደሚጠቅም ታውቋል። ሆዱ ውስጥ ለሚደማ ሰው ይጠቅም እንደሆነ ግን በእርግጥ የሚያውቅ የለም። ይህን ለመለየት በብዙ አገር ያሉ ሆስፒታሎች አብረው ያጠናሉ። ፈቃደኛ ከሆነው በሽተኛ እኩሌታው መድኃኒቱን ያገኛል፤ እኩሌታው በመልኩ ከመድኃኒቱ የማይለይ የጨው ውኃ ያገኛል። የቀረው ሕክምና ለሁሉም አንድ ነው። ለማን የትኛው እንደሚደርስ የሚወስነው ዕጣ ነው።

አንለይ ግድግዳውን ተደግፎ ይሰማ ነበር።

«ወንድሜ አይጥ ነው እንዴ?» አለ። «ካላወቃችሁት ለምን ትሰጡታላችሁ? ካወቃችሁትስ ለምን በዕጣ?»

በክፍሉ የነበሩት አስታማሚዎች ሁሉ ወደ እኛ ዞሩ። እውነት ለመናገር ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነበር። ሐኪሟም አልተቆጣችም። ብናውቅማ ዕጣ ባላስፈለገን፣ ስሕተቱ የማናውቀውን የምናውቅ መስለን ስንሰጥ ነው አለችው። አንለይ አልተዋጠለትም። ይልቅ ወደ ጠበል እንውሰደው ብሎ ወደ የሺ ዞረ። የሺ ደግሞ እኔን አየችኝ። ውሳኔውን ለእኔ መተዋ እንደሆነ ገባኝ።

እኔ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ። «አንቺስ ልጄ፣ የእኔ የትኛው እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። የምትሰጥዎት ነርስም አታውቅም» አለች። «ካወቅሁ መድኃኒቱ የደረሰው ሰው ሁሉ የተሻለው ይመስለኛል። ዓይኔ ያደላል።»

ይህ ቃል ልቤን ያዘው። እኔ የሰው ቅኔ ሳርም የኖርሁ ሰው ነኝ። የምወደው ተማሪ ሲናገር ጎዶሎው ይሞላልኛል፤ የማልወደው ሲናገር ሙላቱ ይጎድልብኛል። የማን እንደሆነ ሳላውቅ ባዳምጥ ፍርዴ ይቀና እንደነበር አውቃለሁ። ገና በወጣትነቷ የገዛ ዓይኗን የምትጠረጥር ሐኪም ናትና ላምናት ወሰንሁ።

«ማትያስ ከሐዋርያት የተቆጠረ በዕጣ ነው» አልሁት አንለይን። «ጠበሉም የትም አይሄድ። ስነሣ በእግሬ እሄዳለሁ።»

እስክርቢቶውን ተቀብዬ ፈረምሁ። አንለይ ወጥቶ በረንዳው ላይ ተቀመጠ።

ግሉኮስ መስቀያው ላይ በዕጣ የደረሰኝ ፈሳሽ ያለበት አንድ ትንሽ ላስቲክ ተጨመረ። ጠብታው መውረድ ሲጀምር ከክንዴ ተነሥቶ ወደ ደረቴ የሚሄድ ሙቀት ተሰማኝ። ደስ የሚል ሙቀት ነበር። መድኃኒቱ ይህ ነው አልሁ በልቤ። ከዚያ በኋላ አላስመለሰኝም።

በማግሥቱ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በጉሮሮዬ አስገብተው ጨጓራዬን አዩት። ያን ስሜት ለጠላቴም አልመኝም። ሐኪሟ የሚደማውን ቁስል አገኘችው፤ በዚያው በቱቦው በኩል መርፌ ወግታ አቆመችው። ቁስሉን ያመጣው በባዶ ሆዴ የምውጠው ክኒን እንደሆነ፣ ጨጓራዬ ውስጥም ቁስሉን የሚያብስ ባክቴሪያ እንዳለ ነገረችኝ። ክኒኑን ከለከለችኝ፤ ለባክቴሪያው የሚዋጥ አዘዘችልኝ።

ይህን ሁሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ልቤ ግን በዚያች ትንሽ ላስቲክ ቆርጦ ነበር። ያዳነችኝ ላስቲኳ ናት።

ከአልጋዬ ጎን ይሁኔ የሚባል የይጁቤ ከብት ነጋዴ ተኝቶ ነበር። ግዙፍ ሰው ነው፤ ድምፁም ገበያ የለመደ ድምፅ ነው። እንደ እኔው ደም አስመልሶት መጥቶ፣ እንደ እኔው ጥናቱ ውስጥ ገብቷል። ሁለታችንን የሚያከራክረን ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ መድኃኒቱ ለማን ደረሰ የሚል።

ይሁኔ የእርሱ ውኃ እንደሆነ አልተጠራጠረም። እርስዎ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነዎት፣ መድኃኒቱን ለእርስዎ ሰጥተው ለእኔ ውኃ አንጠልጥለውብኛል ይለኝ ነበር። ሐኪሟ ራሷ አታውቅም ብለው አላመነኝም። ዕድሜውን ሙሉ ከብት ሲሸጥ የኖረ ሰው፣ ሻጩ የሚሸጠውን አያውቅም ቢሉት እንዴት ያምናል? እኔም ስለ ዕጣው አሳምሬ ካስረዳሁት በኋላ፣ ግን የእኔ መድኃኒት ለመሆኑ ክንዴ ነግሮኛል ብዬ እጨምርበት ነበር። በዚህ በዚህ እየተጨዋወትን ወዳጆች ሆንን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንዲሁ ስንከራከር ይሁኔ ነገሩን ሳይጨርስ ዝም አለ። ፊቱ አመድ መሰለ፤ ግንባሩ ላይ ላብ ቸፈፈ። ቀና ሊል ሲሞክር የሺ ደረሰችና ራሱን ያዘችለት። የወጣው ደም ብዙ ነበር። ነርሶቹ ተሯሯጡ፤ ሐኪሟም መጣች።

የእርሱ ዓይነት ደም ከባንኩ አልቆ ነበር። ዘመዶቹ ለገበያ ወደ ይጁቤ ተመልሰዋል፤ እነርሱ እስኪደርሱ የሚያቆየው ደም በሰውነቱ አልቀረም። አንዲት ነርስ ይህን ለሐኪሟ ስትነግራት ሰማን። ከዚያ ነርሷ ፊቷን ወደ አንለይ መለሰች። ለእኔ ሊሰጥ ሲመረመር ስለነበረች የደሙን ዓይነት ታውቀዋለች።

አንለይ እስከዚያ ድረስ ከሐኪሞቹ ጋር እንዳኮረፈ ነበር። ምግብ ያመጣልኛል፣ እግሬን ያሻል፣ እነርሱን ግን ቀና ብሎ አያይም። ነርሷ አፏን ሳትከፍት ተነሣ።

«የእኔ ለእርሱ ይሆናል?» አላት።

ይሆናል አለችው። እጅጌውን እየሰበሰበ ተከትሏት ሄደ። የፋሲካ በሬ ሲጥል እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው፣ መርፌዋን ሲያይ ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳዞረ የሺ ኋላ ነገረችኝ።

ያን ደም መጠበቅ ከራሴ ሕመም ይልቅ ረዘመብኝ። ያ ክፍሉን በድምፁ የሚሞላ ሰው ትንፋሹ ብቻ ይሰማል። ውኃ ደርሶት ነው ይህ የሆነ፣ መድኃኒቱ የእኔ ባይሆን ኖሮ የእርሱ ይሆን ነበር እያልሁ ተጨነቅሁ። ጸሎትም የጀመርሁትን እየረሳሁ ደጋገምሁ። በመጨረሻ የአንለይ ደም ተመርምሮ መጣ። ሲገባለት የይሁኔ ከንፈር ቀስ በቀስ መልኩ ተመለሰ። ያኔውኑ ወደ ካሜራው ክፍል ወስደው የሚደማውን ቦታ አቆሙለት።

ቀና ብሎ መቀመጥ ሲችል ዶክተር ሰናይት መጥታ፣ ከጥናቱ መውጣት ከፈለገ መብቱ እንደሆነ፣ ሕክምናው እንደማይቋረጥበት ነገረችው። 

«እኔ ከወጣሁ ውኃ እንደማያድን በምን ታውቃላችሁ?» አለ ይሁኔ። «ምስክሩ እኔ አይደለሁ?»

ለአንለይም እንግዲህ ደማችን አንድ ሆነ አለው። አንለይ መልሱ አጭር ነበር፤ እንግዲያስ በሬ ስትሸጥልኝ አትዋሸኝ አለው።

ወደ ቤቴ ተመለስሁ። ክኒኑን እርግፍ አድርጌ ተውሁ፤ ለባክቴሪያው የታዘዘልኝን ጨረስሁ፤ ጠበሌንም እንዳልሁት በእግሬ ሄጄ ተጠመቅሁ። አፌ ብቻ አላረፈም። በሰንበቴው፣ በተዝካሩ፣ በአምበር ገበያ ያዳነኝን አዲስ መድኃኒት አወራሁ። ሙቀቱ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ በእጄ እያሳየሁ አወራሁ። የቅኔ መምህር ነገር ሲያወራ ያምርለታል፤ ሰውም አመነኝ። ሳይቆይ ነገሩ ስም ወጣለትና የመሪጌታ መድኃኒት ተባለ።

ዶክተር ሰናይት አንድ ቀን ደወለችልኝ። ከአምበር በኩል የሚመጣ በሽተኛ ሁሉ የመሪጌታን መድኃኒት ስጪኝ ይለኛል፣ እስኪታወቅ ቢታገሡን ምናለበት አለችኝ። እሺ አልኋት። ለእኔ ግን ታውቆ አልቋል።

ጥናቱ በሁሉም አገር ሲያበቃ ተሳታፊዎቹ ውጤቱን እንድንሰማ ተጠራን። አንለይን ይዤው ሄድሁ። ይሁኔ ወፍሮ፣ አዲስ ጋቢ ደርቦ ከይጁቤ መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ። አዳራሹ ውስጥ የማላውቃቸው ብዙ ሰዎች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ የሞተ ዘመዳቸውን ወክለው የመጡ ናቸው።

ዶክተር ሰናይት ቆማ ነገሩን ሳታድበሰብስ ነገረችን። መድኃኒቱ ሆዱ ውስጥ ለሚደማ ሰው ከጨው ውኃው የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። በዚያም ወገን የዳነው ድኗል፤ በዚህም ወገን የሞተው ሞቷል፤ ልዩነት የለም።

እኔ ለሌላው ባይሠራ ለእኔ ሠርቷል ብዬ ልቤን አጸናሁ። ሐኪሟም የደረሰውን ማወቅ የሚፈልግ ካለ እንነግረዋለን አለች። ይሁኔ ከሁሉ ቀድሞ ተነሣ። ለእርሱ የደረሰው መድኃኒቱ ነበር።

እኔም ሳላስበው ተነሣሁ።

«የእኔስ?»

«የእርስዎ የጨው ውኃ ነው፣ መሪጌታ» አለች።

ይሁኔ ወደ እኔ ዞሮ ደህና አድርጎ አየኝ። ከዚያ በዚያ በገበያ ድምፁ «ታዲያ መሪጌታ፣ ያን ዕለት ክንድዎን ያሞቀው ምን ነበር?» አለኝ።

«ብርድ ልብሱ ይሆናል» አልሁት።

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። አንለይ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። የእኔ ጆሮ እየጋለ ነበር፤ ግን ከምር የምጠይቀው ነገር ስለነበረኝ አልተቀመጥሁም። ሳቁ ሲበርድ በከንቱ ደክመን ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

«በከንቱ አይደለም» አለች። «ይህ ባይጠና ይጠቅማል ብለን ለሁሉም እንሰጠው ነበር። እርሱን ተማምነን ደም መስጠቱን፣ ቁስሉን ፈልጎ ማቆሙን እናዘገይ ነበር። አሁን የማያድነውን ስለለየን በሚያድነው ላይ እንበረታለን።» የሚያድነውንም ነገረችን። ቶሎ መምጣት ነው፤ ደም ነው፤ የሚደማውን አግኝቶ ማቆም ነው።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ አንለይ እንዲህ አለኝ።

«መድኃኒቱ ካልሆነ፣ ይሁኔን ያቆየው የእኔ ደም ነዋ።»

አዎን አልሁት፤ እኔንም ያቆየኝ ስሙን የማላውቀው ሰው ደም ነው። ከዚያ ወዲህ አንለይ ጊዜው ሲደርስ ማንም ሳይነግረው ደብረ ማርቆስ ሄዶ ደም ሰጥቶ ይመጣል። አሁንም መርፌው ሲገባ ዓይኑን ይጨፍናል።

እኔም የራሴ ሥራ ነበረብኝ። ያወራሁት ሰው ብዙ ነው፤ አንድ በአንድ ሄጄ አልመልሰውም። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅጄ ሕዝቡ ፊት ቆምሁ። የመሪጌታ መድኃኒት የምትሉት ጨው የገባበት ውኃ ነው አልኋቸው። ሽማግሌዎቹ ከንፈራቸውን ነክሰው ሳቃቸውን ያዙ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። እስኪወጣላቸው ጠበቅሁ። ከዚያ የቀረውን ነገርሁ። ለባለቤቴ እንኳ ደብቄው የነበረውን የጥቁሩን ሰገራ ነገር በአውደ ምሕረት ላይ ሳላፍር አወራሁት። የወገብና የጉልበት ክኒን ሐኪም ሳያዛችሁ፣ በባዶ ሆዳችሁ አትዋጡ አልሁ። ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረበት ሰው ተልባ ነው፣ ጾም ነው እያለ አይቆይ፤ ያን ዕለት ይሂድ አልሁ።

ያን ቀን ጎረቤታችን ወይዘሮ ጥሩዬ የሺን ለብቻዋ ጠራቻት። ጉልበቷን ስለሚያማት እኔ እውጠው የነበረውን ዓይነት ክኒን ትውጣለች። ሰገራዋ ከጠቆረ ሰንብቷል፤ ቆማ ስትሄድም ያዞራታል። ለምን ዝም አልሽ ብትላት፣ የመሪጌታ መድኃኒት አምበር እስኪመጣ እየጠበቅሁ ነበር አለቻት።

የሺ ምሳዋን ሳትበላ ይዛት ደብረ ማርቆስ ገባች። ሐኪሞቹ ደም ሰጧት፤ በካሜራ አይተው የሚደማውን ዘጉት። ጥቂት ቀን ብትቆይ ኖሮ መንገዱንም አትችለው ነበር ብለዋል። አሁን ወይዘሮ ጥሩዬ ደህና ናት፤ ሳልፍ ስታየኝ ደህና ዋሉ ከማለቷ በፊት ፈገግ ትላለች።

ዛሬ ይህን ነገር ሳስበው አላፍርበትም። በአዳራሹ ውኃ ደረሰህ ስባል የቀለልሁ መስሎኝ ነበር። አሁን እንዲያውም እኮራበታለሁ። ውኃ የደረሰን ሰዎች ባንኖር ኖሮ መድኃኒቱ ከምን ጋር ይመዘን ነበር? እስከ ዛሬ ሲመሰገን በኖረ። ምስጋናውንም ከሁሉ አስበልጬ የማዜመው እኔ ነበርሁ፤ ወይዘሮ ጥሩዬ ግን ዜማዬን ለመስማት አትኖርም ነበር።